በጉልበት ውሃ ላይ አሥራ አንድ ሜትር

ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሥራ አቁሜያለሁ። ያስቆመኝ ዓይኔ ነው፤ ሐኪሙ ሞራ ነው አለኝ። ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት ሲያቅተኝ፣ ቀጭኑን ናይለን በመንጠቆው ቀዳዳ ለማሾለክ ሦስቴ ስሳሳት፣ ፒንሳዬን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። በቦታዬ የገባችው ልጅ በሩ ላይ ያዘችኝና «እትዬ ዘይነባ፣ ከሁሉ ከሁሉ ምኑን ልጠንቀቅ?» አለችኝ። ቆሜ መመለስ አቃተኝ። አንድ ቃል የሚበቃው ነገር አልነበረም። ደብተር ገዝቼ ቤቴ ገባሁና ይኸው መጻፍ ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሰይድን ጀርባዬ ላይ አዝዬ። እጄ ሽቦ እንጂ ብዕር አልለመደም።

ገርጂ ያሉት ጎረቤቶቼ ምን ስሠራ እንደኖርኩ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። አንዷ ዓሣ ነጋዴ ናት ትላለች፣ ሌላዋ ሬዲዮ ጠጋኝ። አከራዬ እትዬ አልማዝ ደግሞ ሐይቅ በሌለበት አገር የጀልባ ዕቃ ሻጭ እያለች ታስቅብኛለች። እውነቷን ነው። ሱቃችን ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረ። ወደ ዝዋይ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አዋሳ የሚሄድ ሰው መረብ፣ መንጠቆ፣ ዘንግ፣ የትንሽ ጀልባ ሞተር፣ የጀልባ ባትሪ፣ ዓሣ የሚያሳይ ማሽን ሳይቀር ከእኛ ይገዛ ነበር። ስምንት ዓመት ሠራሁበት። ከስምንቱ ዓመት አብዛኛውን የኖርኩት ፈርቼ ነው።

ፍርሃቴ ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ውሃው ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜን ሐሰንን ውሃው ሲወስደው ሰባት ዓመቴ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁላችንም እያየነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከጉልበቴ በላይ ነክቶኝ አያውቅም። አዲስ አበባ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ወደ አሰብ ወጣና በዚያው ቀረ። አንድ ልጄን ሰይድን ይዤ ሥራ ፍለጋ በየበሩ ስዞር፣ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ግድም፣ ያ ሱቅ በር ላይ የተቀደደ መረብ ተዘርግቶ አገኘሁ። አንድ ሽማግሌ ሰው በመርፌ ሊሰፉት ይታገላሉ። መረብ እንደ ጨርቅ አይሰፋም፤ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ይቋጠራል። አጎቶቼ ሲጠግኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። «አባባ፣ እንዲያ አይደለም» ብዬ ቁጭ አልኩ። ስጨርስ ስሜን ጠየቁኝና ነገ በሁለት ሰዓት ነይ አሉኝ። ያገኘሁት ደሞዝ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ይችል ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ ገንዘብ የምለው የለኝም።

እኒያ ሰው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ዕድሜያቸውን የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ነው ሱቁን የከፈቱት። ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበር፣ ዓሣ መብላት ግን አይወዱም። ወረቀቱን፣ ጉምሩኩን፣ ፈቃዱን ራሳቸው እየተመላለሱ ይጨርሱታል፤ የሬዲዮ ዘር ነው የተባለ ዕቃ ሁሉ ያኔ ብዙ ማኅተም ይፈልግ ነበር። አንድ ዕቃ ጠግነው ሲጨርሱ «ይሠራል» ብለው አያውቁም። «እስካሁን ይሠራል» ነው የሚሉት። ሽቦ ካጠበቁ በኋላ በሁለት ጣት ይዘው ይጎትቱታል፣ ካልተነቀለ እንደገና ይጎትቱታል። የተቃጠለ ነገር በዓይናቸው ሳይሆን በአፍንጫቸው ነበር የሚፈልጉት።

ገዢ ሲመጣ ዕቃ ከማሳየታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ጀልባህ ከምን የተሠራ ነው? የትኛው ሐይቅ ላይ ነው? ቤትህ ማን ይጠብቅሃል? የመጨረሻው ጥያቄ ሰውን ያስቆጣ ነበር። አንድ የሲኤምሲ ባለ ቪላ፣ ወፍራም፣ ትልቁን ማሽንና ስምንት ዘንግ ባንድ ጊዜ የፈለገ ሰው «ምን አገባዎት፣ ሊድሩኝ ነው?» አላቸው። ጋሽ ወርቅነህ ሳይስቁ «ባለ ትዳር ከሆንክ ተንሳፋፊ ጃኬቱን በነጻ እሰጥሃለሁ፣ ወንደላጤ ከሆንክ ትገዛለህ» አሉት። ጀልባው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነበረ። ትልቁን ማሽን ከለከሉት። ትንሹን፣ በአንድ ቀላል ባትሪ የሚሠራውን፣ ሁለት ዘንግ ጨምረው ሰጡት። የላንጋኖ ውሃ እንደ ሸክላ ጭቃ የደፈረሰ ስለሆነ ዓሣው በዓይኑ አያድንም፣ ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ማታለያ አትግዛ፣ የሚሸት ነገር አድርግ አሉት። እየተነጫነጨ ሄደ። በሳምንቱ አንድ ትልቅ አምባዛ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። የበላነው እኔና ልጄ ነን።

እንዲህ እያልኩ ተማርኩ። ለቆሮሶ የቱ መንጠቆ፣ ለአምባዛ የቱ ክር። ሽቦ ሲረዝም መወፈር እንዳለበት፣ አለበለዚያ ለማሽኑ ከባትሪው የሚደርሰው ኃይል ጠብታ ብቻ እንደሆነ። ሞተር የሚነሣበት ባትሪና ማሽን የሚሠራበት ባትሪ ለየብቻ ቢሆን እንደሚሻል፣ አንዱ ቢደክም ሌላው ወደ ቤት እንዲመልስ።

ዓሣ የሚያሳየውን ማሽን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ግን ልርሳው ብል አልችልም። ጋሽ ወርቅነህ ከካርቶን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የእጅ መስታወት የምታህል መስኮት አለችው። ባትሪ ሲያገናኙት መስኮቷ ግራጫ ሆነችና ከታች አንድ ጥቁር መሬት መሳል ጀመረች፣ ኮረብታና ሸለቆ ያለው። ከመሬቱ በላይ ትንንሽ ዓሦች ያልፋሉ። አንድ ትልቅ መጣ። ጢጥ አለ። እኔ ቢስሚላሂ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ቦሌ መሬት ሥር፣ ከአስፋልቱ በታች፣ ውሃ ያለ መሰለኝ። ዓሣ የሚዋኝበት፣ እኛ ሳናውቅ የምንሄድበት። ዓይኔን ግን ማንሣት አልቻልኩም።

ጋሽ ወርቅነህ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። ማሽኑ ውሃ ውስጥ የሚገባ ጆሮ አለው፣ በረጅም ገመድ የሚሰካ፣ የሳሙና ቁራሽ የምታህል ጥቁር ነገር። ጆሮው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ተመልሶ የመጣውን ይሰማል፣ መስኮቷ ትስለዋለች። ጆሮው ካልተሰካ ግን ማሽኑ ዝም አይልም። በሱቅ ውስጥ ገዢ እንዲያይበት ተብሎ የውሸት ሐይቅና የውሸት ዓሣ ተሠርቶለታል፤ ጆሮ ሲያጣ እሱን ያሳያል። ጥግ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ውሸት መሆኑን የምትናገረው እሷ ብቻ ናት።

«እንግሊዝኛ ካላወቅሁስ?» አልኳቸው።

«አንቺም እንደ ማሽኑ ስሚያ» አሉና ጥቁሩን ነገር ሰክተው ጆሮዬ ላይ አስጠጉልኝ። ቲክ ቲክ ቲክ ይላል። ከጫጩት ልብ ያነሰ ድምፅ። ያቺ ድምፅ ካለች እውነት ነው፣ ከሌለች ውሸት ነው።

ሌላም አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከአውሮፕላን ሥራቸው ያመጡት። የገጠመ ሰው ይሳፈራል። አንድ ጀልባ ላይ ዕቃ የገጠመ ሰው መጀመሪያ ውሃ ላይ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። «የራስህ ነፍስ ያለበትን ብሎን በደንብ ታጠብቃለህ» ይሉ ነበር። ብዙ ዓመት እኔ ሱቅ ውስጥ አዘጋጃለሁ፣ እሳቸው ሄደው ይገጥማሉ፣ እሳቸው ይሳፈራሉ። ውሃ እንደምፈራ ያውቁ ነበር። አንድም ቀን ነይ ብለውኝ አያውቁም።

ሰይድ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ላንጋኖ ሥራ አገኘ። አቶ ደምሴ የሚባሉ የሱቃችን ደንበኛ፣ ቤታቸው ሲኤምሲ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን የምታወጣ የፋይበር ጀልባ ገዝተው ነጂ ይፈልጉ ነበር። ልጄ ሞተር ያውቃል፣ እኔው ጋ ሱቅ ውስጥ እያየ ያደገ ነው። አታደርገውም አልኩት። ታክሲ ላይ ግባ፣ ጫኝና አውራጅ ሁን፣ ከውሃ ራቅ። ሦስት ቀን ምግብ አልበላም ብዬ አኮረፍኩ።

«እማ፣» አለኝ በሦስተኛው ቀን፣ «አንቺ የሰው ልጅ ሁሉ ውሃ ላይ እንዲወጣ ዕቃ ትሸጫለሽ። የሰው ልጅ ሲሆን አትፈሪም?»

ሄደ።

ወር ሳይሞላ አቶ ደምሴ ለዚያችው ጀልባ ማሽን ፈለጉ። ጋሽ ወርቅነህ ያን ጊዜ ኩላሊታቸውን ታመው ቤት ተኝተዋል። ራሴ መረጥኩ። ጀልባዋ ሰፊ ስለሆነች ከፍ ያለውን ማሽን፣ የተለየ ባትሪ፣ ወፍራም ሽቦ፣ ለስድስት ሰው ስድስት ጃኬት። ልጄ የሚነዳት ናትና ከማንም ጀልባ አብልጬ ልጠንቀቅላት አልኩ። ጥፋቴ የመጣው ከዚያ ጥንቃቄ ነው።

የላንጋኖ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ መሰኪያዎችን በወር አረንጓዴ ዝገት ያስበላቸዋል። ጋሽ ወርቅነህ ሁልጊዜ ሰክተው፣ አጥብቀው፣ ከጨረሱ በኋላ ነው ከውጭ በኩል ቅባት የሚቀቡት። እኔ ደግሞ ከውጭ ከጠቀመ ከውስጥ የበለጠ ይጠቅማል አልኩ። ሱቅ ውስጥ ሁሉን ሰክቼ፣ ጆሮውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ቲክታውን ሰማሁ። ከዚያ ነቀልኩና፣ ሻማ አቅልጬ፣ የመሰኪያውን መርፌዎች አንድ በአንድ ሰም ቀባኋቸው። ስስ አድርጌ፣ በጥጥ። ያን ቀን ራሴን አዋቂ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ሰም ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ እኮ አውቃለሁ፤ ሽቦ የምሸፍንበት ነገር ነው። እያወቅሁ አላሰብኩትም።

አቶ ደምሴ በመኪናቸው ወሰዱኝ። ጀልባዋ ዳር ላይ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ቆማለች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ ጆሮውን ከኋላዋ ከሞተሩ ራቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ። መስኮቷ መሬት ሳለች። ዓሦች መጡ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ መንጋ። ዳር ላይ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብተው ተሰበሰቡ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን ሆንኩ፤ ስንት ጊዜ አይቼው ልቤ ደነገጠ። ፀሐይዋ መስኮቷ ላይ ትመታለች፣ ጥግ ላይ ያለችው ቃል አልታየችኝም። ቁጥሩ ግን ይታይ ነበር። አሥራ አንድ ይላል። አሥራ አንድ ሜትር። ውሃው ጉልበቴ ላይ ነው። ቁጥር አነባለሁ እኮ። ዓሣውን እያየሁ ቁጥሩን አለፍኩት።

«እማ፣ ውጪ እንጂ። ሕጋችሁ አይደል?» አለኝ ሰይድ ከጀልባዋ ላይ እጁን ዘርግቶ።

ወገቤን አሞኛል አልኩት። አላመመኝም። የስድስቱንም ጃኬት ገመድ በእጄ ሁለት ሁለት ጊዜ ቋጠርኩና ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ለአጭር ሙከራ ወጥተው ተመለሱ፣ ሁሉም እየሳቁ። በዚያው ቀን በአቶ ደምሴ መኪና አዲስ አበባ ተመለስኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሱቅ ስልክ ጮኸ። አቶ ደምሴ ናቸው።

«ልጅዎ ጀልባዬን ገደላት» አሉኝ።

«ልጄስ?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መረብ በጥርሴ ነክሼ እንደያዝኩ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«አለ» አሉ። «ጣቢያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለት ሰው ይዞ ወጥቶ ማሽኑ ጥልቅ ነው ባለው ቦታ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ፣ ከውሃው በታች አንድ ክንድ የተደበቀ ቋጥኝ ጀልባዋን ሆዷን ሰነጠቃት። አንዱ ሰውዬ እግሩ ተሰበረ፤ ሰይድ ጃኬቱን ይዞ እየጎተተ ዳር አወጣው። ቋጥኙን ሌሎች ጀልባ ነጂዎች በዓይናቸው ያውቁታል። እሱ አዲስ ነው፣ ያመነው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ሠላሳ ሜትር ይል ነበር ብሎ ቢናገር ማን ይስማው። ጫት ቅሞ መርቅኖ ነው የነዳው ተባለ። ልጄ ጫት አይቅምም።

ማሽኑ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ሱቅ መጣ። ብቻዬን ነበርኩ። መሰኪያውን ስነቅለው የራሴን ሰም አየሁት፣ ነጭ፣ ያልተነካ፣ እንደቀባሁት። ማሽኑ ጆሮ እንዳለው አላወቀም ነበር። ያሳየን ሁሉ የሱቁ የውሸት ሐይቅ ነው። ያኔ ያ አሥራ አንድ መጣብኝ። እግሬ ላይ የነበረው ውሃ ቅዝቃዜው ሳይቀር መጣብኝ።

መርፌ አነሣሁ። ሰሙ ሦስት ጊዜ ቢፋቅ ይጠፋል። ማሽኑ በሰላም ይሠራል፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል፣ እንጀራዬም አይነካም። ልጄ ግን ቃሚ እንደተባለ ይኖራል። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩ። መሰኪያውን በመሀረብ ጠቅልዬ ጋሽ ወርቅነህ ቤት ሄድኩ።

ተኝተው ነበር። መነጽራቸውን ፈልጌ ሰጠኋቸው፣ መሰኪያውን አዩት፣ አሸተቱት። ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው አወቁ።

«ተሳፍረሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልተሳፈርኩም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ቆይተው ዞሩና ጀልባዋን ሱቁ ያሠራል በያቸው፣ የቀረውን ራስሽ ተናገሪ አሉኝ።

አቶ ደምሴ ቤት ሳሎን አስገቡኝ። መሀረቡን ፈትቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። በመርፌ ሰሙን እየነካሁ፣ ኤሌክትሪኩ የቱ ጋ እንደተቆረጠ፣ ማሽኑ ለምን እንደዋሸ፣ ዳር ላይ ስንቆም ቁጥሩ ስንት እንዳለ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይህን ባይነግሩኝ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ልጄ ጣቢያ ነው፣ ጌታዬ።»

በዚያው ቀን አስፈቱት። ግን አንድ ነገር አሉኝ፣ እውነት ነበር። ይፈታል፣ ሥራውንም እመልስለታለሁ፣ ነገር ግን ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ቃሚ ብሎታል፤ እሱ የያዘው ጀልባ ላይ ማን ይወጣል? ሰው የሌለበት ጀልባ ምን ያደርግልኛል? አፌ ከእኔ ቀድሞ «እኔ እወጣለሁ» አለ።

ጀልባዋ በተጠገነች ጊዜ ቅዳሜ ነበር፣ ሰው በሞላበት ቀን። አዲስ መሰኪያ ሰካሁ፣ ደረቅ፣ ከውጭ ብቻ የተቀባ። ጆሮውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፣ ሰይድም በጆሮው ሰማ። ውሃ ውስጥ ሳስገባው መስኮቷ ምንም ዓሣ አላሳየችም፤ ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ስድስት አለ። ጉልበቴ። የሚታይ ነገር የለም ብለው ሰዎቹ ራቅ ራቅ አሉ። አንዱ ጎረምሳ «ዛሬ ደግሞ እናቱን ሊያሰጥም ነው» ሲል ሰማሁ። ሰይድም ሰምቷል። አንገቱን ደፋ።

ጃኬቱን ለበስኩ። እግሬን ጀልባዋ ላይ ሳሳርፍ መሬት ከሥሬ ተነሣ። ሁለት እጄን ማሽኑ ላይ አደረግሁ፣ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። ሞተሩ ተነሣ። ከዳር ስንርቅ ቁጥሩ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ጨመረ፣ መስኮቷም ያን ቁልቁለት ሳለችው። የውሸቱ ሐይቅ ከዚህ ያምር ነበር፣ ዓሣውም ይበዛ ነበር። ይኼኛው ግን አለ። ሰው አይቶት የማያውቅ መሬት፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከእግሬ በታች፣ አላህ የሠራውና የተወው። እያየሁት ነበር። በዚያ ዓይነት ውሃ ሥር ነው ሐሰን የቀረው አልኩ ለራሴ። ፈራሁ፣ ዓይኔን ግን አላነሣሁም።

ከዚያ መሬቱ ሽቅብ መጣ። አሥራ ሁለት። ሰባት። አራት። ከውሃው በላይ ምንም የለም፣ ለጥ ያለ ቡናማ ውሃ ነው። መስኮቷ ላይ ግን ግድግዳ ቆሟል። ሰይድ ሞተሩን ቀነሰ። ዳር ያሉት ሰዎች ቆመው ያያሉ፣ የቋጥኙን ቦታ ሁሉም ያውቁታል።

«እማ፣» አለኝ፣ «ልመለስ?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመለስ ስለው ኖሬያለሁ። ከመንገድ ዳር ተመለስ፣ ከወንዝ ተመለስ፣ ከሥራው ተመለስ። ቁጥሩን አነበብኩ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስትል ሦስት፣ ሁለት ይላል። ወደ ግራ ስትል አምስት፣ ስድስት።

«ግራውን ይዘህ እለፍ» አልኩት።

ቀስ ብሎ አለፈ። ግድግዳው በቀኝ በኩላችን ቀረ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ አለ፣ አሥራ አራት አለ፣ ሃያ አለ። ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም። ቀና ብዬ ልጄን አየሁት።